ተመልካች ያልነበረው ግዙፍ

ዓለም የተፈጠረው ለሰው ነው የሚለው አሳብ በምእመኑም ሆነ ሃይማኖት የለኝም በሚለው ዘንድ እጅግ ሥር ከመስደዱ የተነሣ፣ ማስረጃ ሊጠየቅበት የሚገባ አሳብ መሆኑ እንኳ ይዘነጋል። ምእመኑ ሰው በፍጥረት ሁሉ ላይ መሾሙን ሲናገር፣ የማያምነውም ምድርን የሰው ጥሬ ሀብት አድርጎ ሲያሰላ፣ ሁለቱ በሌላው ሁሉ ቢለያዩም በአንድ ነገር ይገናኛሉ፤ ይኸውም ከሰው ውጭ ያለ ማንኛውም ነገር ዋጋ የሚኖረው ሰው ሲጠቀምበት፣ ያም ባይሆን ሰው ሲያየውና ሲያደንቀው ነው የሚለው ነው። ይህን አሳብ በክርክር የተፈታተኑ ፈላስፎችና የሃይማኖት ሊቃውንት ከጥንት ጀምሮ ነበሩ፤ ከ20ኛው መቶ ዓመት መባቻ ወዲህ ግን በዛሬዪቱ ታንዛኒያ ደቡብ ምሥራቅ፣ ከሊንዲ ወደብ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ከሚገኘው የቴንዳጉሩ ኮረብታ ተቆፍረው የወጡት አጥንቶች ለክርክሩ በእጅ የሚዳሰስ ጉዳይ ሰጥተውታል።

ከእነዚህ አጥንቶች መካከል ይበልጥ የታወቁት ጂራፋታይታን የሚባለው ዳይኖሰር አጥንቶች ናቸው። ጂራፋታይታን ሳውሮፖድ ከሚባለው ወገን ሲሆን፣ ሳውሮፖዶች በአራት እግራቸው የሚሄዱ፣ አንገታቸውና ጅራታቸው የረዘመ፣ ራሳቸው ከገላቸው ጋር ሲተያይ እጅግ ያነሰ፣ ዕፀዋትን ብቻ የሚመገቡ እንስሳት ነበሩ። የኖረው ከዛሬ 150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ የሥነ ምድር ሊቃውንት ጁራሲክ ብለው በሚጠሩት ዘመን ማብቂያ ላይ ነው። የፊት እግሩ የላይኛው አጥንት ብቻውን 2.13 ሜትር ስለሚረዝም፣ ቁመተ ረጅም የሚባል ሰው አጠገቡ ቢቆም አጥንቱ ይበልጠዋል፤ በበርሊን የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም የቆመው አጽም ደግሞ ከወለሉ እስከ ራሱ ጫፍ 13.27 ሜትር ነው። ክብደቱን በሚመለከት ሊቃውንቱ ብዙ ተለያይተዋል፤ በ1960ዎቹ 78 ቶን ድረስ ያደረሰው ስሌት ነበር፣ ዛሬ ግን ከ30 እስከ 40 ቶን ባለው ውስጥ የሚያስቀምጡት ይበዛሉ። ግምቱ የቀነሰበት አንዱ ምክንያት የአንገቱ አሠራር ነው። አንገቱን የሚሸከሙት አጥንቶች 13 ብቻ ሲሆኑ፣ እያንዳንዳቸው እጅግ የረዘሙ ቢሆኑም ውስጣቸው ድፍን ሳይሆን በአየር ከረጢቶች የተቦረቦረ ነው፤ ከውጭ ሲያዩት ምሰሶ የሚመስለው አጥንት ከውስጥ ሲመረመር ስስ ስስ ግድግዳ ያላቸው ባዶ ክፍሎች የተደረደሩበት ሆኖ ይገኛል። ዛሬ እንዲህ ያለ አጥንት ያላቸው ወፎች ናቸው። እንስሳው ቅጠሉን በጥርሱ እየሸመጠጠ ሳያኝክ ይውጥና የመፍጨቱን ሥራ ለሆዱ ይተወው ስለነበር፣ ለማኘክ የሚያስፈልገው ከባድ መንጋጋና ትልቅ ራስ አላስፈለገውም፤ ራሱ በመቅለሉም አንገቱ ሊረዝም ቻለ።

የሚኖርበት ዓለም ከዛሬው የሚለየው በእንስሳቱ ብቻ አልነበረም። በምድር ላይ ሣር ገና አልበቀለም፤ ዛሬ ሜዳውን የሚሞሉት አበባ አውጪ ዕፀዋትም አልተስፋፉም። ደኑ የጥድና የዝግባ ዘመድ በሆኑ፣ በአበባ ፈንታ ፍሬያቸውን በቅርፊታም ጉንጉን ውስጥ በሚይዙ ዛፎች፣ ከሥራቸውም በፈርንና፣ ሳይካድ በሚባሉ ዘንባባ መሰል ተክሎች የተሞላ ነበር። ቴንዳጉሩ ያን ጊዜ የባሕር ዳርቻ ሲሆን፣ ዝናቡ በወቅት የሚመጣ፣ በጋው የከረረ፣ ከባሕሩ በአሸዋ የተከለሉ ጥልቀት የሌላቸው የውኃ ኩሬዎች የተዘረጉበት አገር ነበር። በዚያ ጀርባውና ጅራቱ በሾህ የታጠረው ኬንትሮሳውረስ፣ ፕቴሮሰር የሚባሉት በራሪ ተሳቢዎች፣ አይጥ የሚያህሉ አጥቢ እንስሳትም ይኖሩ ነበር። የአፍሪካ ምድርም ከደቡብ አሜሪካ ገና አልተላቀቀም። በዚያው የጁራሲክ ዘመን ዛሬ ኢትዮጵያ የምትባለው አገር ሰፊ ክፍል ጥልቀት በሌለው ባሕር ተሸፍኖ ነበር፤ በትግራይ ሕንጣሎ ስም የተጠራው የኖራ ድንጋይ ያ ባሕር ያስቀረው ደለል ነው። ከጎሃ ጽዮን ወደ ደጀን የሚሄድ መንገደኛ ወደ አባይ በረሃ ሲወርድ መጀመሪያ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በእሳተ ገሞራ የፈሰሰውን ጥቁር ድንጋይ፣ ከሥሩ ያን የኖራ ድንጋይ፣ ዝቅ ሲልም ጂፕሰምና አሸዋ ድንጋይ እያቋረጠ ያልፋል። ባሕሩ ከሸሸ በኋላ ወንዞች ባመጡት ጭቃ፣ የሙገር ጭቃ ድንጋይ በሚባለው ንጣፍ ውስጥ፣ የዳይኖሰር ጥርሶች ተገኝተዋል።

ይህ ሁሉ ለሃይማኖት ችግር ያመጣል ሲባል በመጀመሪያ የሚነሣው የዘመን ቁጥር ነው። በባሕረ ሐሳብ ስሌት ዓመተ ዓለም የሚገኘው በ5500 ዓመተ ኩነኔ ላይ ዓመተ ምሕረቱን በመደመር ነው፤ 5500ውም ለአዳም ከተሰጠው የአምስት ቀን ተኩል ተስፋ የመጣ ሲሆን፣ አንዱ ቀን በእግዚአብሔር ዘንድ እንደ አንድ ሺህ ዓመት ይቆጠራል በሚለው ትምህርት ላይ የቆመ ነው። በምዕራቡ ዓለምም የአየርላንዱ ሊቀ ጳጳስ ጄምስ አሸር በ17ኛው መቶ ዓመት ፍጥረትን ከልደተ ክርስቶስ በፊት 4004 ዓመት ላይ አስጀምሯል። ከሁለቱ ቁጥሮች አንዱን ይዞ 150 ሚሊዮንን የሚሰማ ሰው መደናገጡ አይገርምም። ይሁን እንጂ የባሕረ ሐሳቡ ቁጥር የድኅነትን ታሪክ የሚለካ፣ ከአዳም መውደቅ እስከ መዳኑ ያለውን የተስፋ ዘመን የሚሰፍር እንጂ የድንጋይን ዕድሜ ለመመስከር የተቀመረ አይደለም፤ ቀንን በሺህ ዓመት የመተርጎም ልማድ ያለው ትውፊት ስለ ቀናት ርዝመት ከሌላው ይልቅ የሚጨነቅበት ምክንያትም አነስተኛ ነው።

ቁጥሩን እንዳለ ጠብቆ ድንጋዩንም ላለመካድ ከተሞከሩት መንገዶች እጅግ ረቂቁ የእንግሊዛዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ የፊሊፕ ጎስ ነው። ጎስ እ.ኤ.አ. በ1857 ባሳተመው «ኦምፋሎስ» በተባለው መጽሐፉ፣ አዳም ከእናት ሳይወለድ እምብርት እንደ ነበረው፣ የገነት ዛፎችም ሳያረጁ በግንዳቸው ውስጥ የዕድሜ ቀለበት እንደ ነበራቸው ሁሉ፣ ምድርም ያላሳለፈችውን ዘመን ምልክት ይዛ በአንድ ጊዜ ተፈጠረች አለ። በዚህ አመክንዮ መሠረት ጂራፋታይታን የሚባል እንስሳ ከቶ አልኖረም፤ የተፈጠረው አጥንቱ ብቻ ነው። ክርክሩ በሎጂክ ሊፈርስ አይችልም፤ ነገር ግን የማይፈርስበት ምክንያት ነው ዋጋ ያሳጣው፣ ምክንያቱም የትናንትናውም ቀን ትዝታው ብቻ የተፈጠረ ሊሆን ይችላል ማለትን ይፈቅዳል። የጎስ ወዳጅ የነበረው ቄስ ቻርልስ ኪንግስሊ መጽሐፉን የተቃወመው ከሳይንስ ሳይሆን ከሥነ መለኮት ተነሥቶ ነው፤ እግዚአብሔርን በድንጋይ ላይ ሐሰት የሚጽፍ ማድረግ ዘመን ከመቁጠር ስሕተት እጅግ የከፋ ሆኖ ታይቶታል። ቅዱስ አውግስጢኖስም ከዚያ 1400 ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ፣ ክርስቲያን ስለ ምድርና ስለ ሰማይ የማያውቀውን በመጽሐፍ ስም ቢናገር የሚዋረደው ተናጋሪው ብቻ ሳይሆን መጽሐፉም ነው ሲል አስጠንቅቆ ነበር።

ሌሎች ደግሞ መንገዱን ገልብጠው፣ በመጽሐፈ ኢዮብ የተጠቀሰው ብሔሞት የተባለው ግዙፍ እንስሳ ሳውሮፖድ ነው፤ ስለዚህ ሰውና ዳይኖሰር አብረው ኖረዋል ይላሉ። ማስረጃቸው ጅራቱ በዝግባ መመሰሉ ነው። ነገር ግን በዚያው ምዕራፍ ብሔሞት እንደ በሬ ሣር ይበላል፣ በወንዝ ዳር በሸምበቆ ጥላ ሥር ይተኛል ተብሎ ሲነገር፣ የቴንዳጉሩ ግዙፍ ግን በሕይወቱ ሣር ቀምሶ አያውቅም። ብዙዎች ተርጓሚዎች ጉማሬን ያስቡት ያለ ምክንያት አይደለም። ከዚህ የሚብሰው ግን ብሔሞትን የዕድሜ ክርክር ምስክር አድርጎ ማቆም ምዕራፉ የተጻፈበትን ነገር መሳት መሆኑ ነው።

የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ከምትቀበላቸው መጻሕፍት መካከል ስለ ብሔሞት የሚናገሩት ሦስት ሲሆኑ፣ ሦስቱም አንድ አይናገሩም። መጽሐፈ ሄኖክ ብሔሞትን ሌዋታን ከምትባለው የባሕር አውሬ ለይቶ፣ እርሷ በባሕር ጥልቅ ስትኖር እርሱ ከገነት በስተምሥራቅ በማይታይ ምድረ በዳ ውስጥ በደረቱ ተዘርግቶ እንደሚኖር ይነግረናል። ዕዝራ ሱቱኤል ደግሞ ሁለቱ በአምስተኛው ቀን ተፈጥረው አንድ ስፍራ ስላልበቃቸው ተለያይተው መቀመጣቸውን ይተርክና፣ በመጨረሻ ለተመረጡት መብል እንዲሆኑ ተጠብቀዋል ይላል። ወዲያውም ዕዝራ ዓለም ለእኛ ለሕዝብህ ብለህ የፈጠርኸው ከሆነ ስለምን ርስታችንን አልወረስንም፣ ስለምን አሕዛብ ይገዙናል ብሎ ይጠይቃል። የሚመልስለት መልአክም ዓለም ለእነርሱ መፈጠሩን አይክድም፤ መንገዱ በአዳም በደል ጠበበ ነው የሚለው። እንግዲህ ዓለም ለሰው፣ ከሰውም ለአንድ ሕዝብ ተፈጠረ የሚለው አሳብ እዚህ በግልጽ ተቀምጧል፤ ብሔሞትም ትርጉም የሚያገኘው በማዕድ ላይ ነው።

በኢዮብ የሚነገረው ከዚህ ፈጽሞ የተለየ ነው። ኢዮብ ንጹሕ ሆኖ ሳለ ስለምን እንደ ተቀጣ ሲጠይቅ፣ እግዚአብሔር ከዐውሎ ነፋስ ውስጥ የመለሰለት መልስ ስለ ኢዮብ አንዳች አይናገርም። የሚናገረው ሰው በሌለበት ምድረ በዳ ስለሚዘንብ ዝናብ፣ የከተማን ጫጫታ ስለሚንቅ የሜዳ አህያ፣ እንቁላሏን በአፈር ላይ ስለምትተው ሰጎን፣ ከዚያም ማንም ሊያጠምደው ስለማይችለው ብሔሞት ነው። የእነዚህ ሁሉ የጋራ ጠባይ ለሰው የማይጠቅሙ መሆናቸው ነው። ሰው በሌለበት የሚዘንበው ዝናብ የማንንም እርሻ አያጠጣም፤ ነገር ግን በከንቱ ዘነበ አይባልም። ኢዮብ ስለ ራሱ ሲጠይቅ የታየው ያለ እርሱ የሚሠራ፣ ያለ እርሱም የተወደደ ዓለም ነው። ሳውሮፖዱን ከመጽሐፍ ጋር ማስታረቅ የሚፈልግ ሰው እርሱን በብሔሞት ስም መፈለግ አያስፈልገውም፤ ሰው ባልነበረበት 150 ሚሊዮን ዓመት የዘነበውን ዝናብ ማሰብ ይበቃዋል። በ12ኛው መቶ ዓመት በግብፅ የኖረው አይሁዳዊው ሊቅ ሙሴ ማይሞኒደስም ዳይኖሰር የሚባል ሳይሰማ፣ ፍጥረታት ሁሉ ለሰው ሲባል ተፈጠሩ ማለት እንደማይገባ፣ እያንዳንዱ ስለ ራሱ የተፈለገ እንደሆነ ጽፏል። በኦሪት ዘፍጥረትም የፍጥረት መልካምነት የተመሰከረው ሰው በስድስተኛው ቀን ከመፈጠሩ አስቀድሞ ደጋግሞ መሆኑን ማስተዋል ይገባል።

ይህ አሳብ ያለ እምነት ሊቆም ይችል እንደሆነ መጠየቅ ደግሞ የፍልስፍና ድርሻ ነው። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጂ. ኢ. ሙር በ1903 ባሳተመው «ፕሪንኪፒያ ኤቲካ» አንባቢውን ሁለት ዓለማት እንዲያስብ ይጠይቀዋል፤ አንዱ እጅግ ያማረ፣ ሌላው የቆሻሻ ክምር ሲሆን፣ ሁለቱንም ማንም አይቷቸው አያውቅም፣ ማንም ሊያያቸውም አይችልም። ያማረው መኖሩ ከአስቀያሚው መኖር አይሻልምን? ሙር ይሻላል ሲል፣ ከእርሱ በፊት የነበረው ሄንሪ ሲጅዊክ ግን ከንቃተ ኅሊና ውጭ መልካም የሚባል ነገር የለም የሚል አቋም ነበረው። ሙር ራሱም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወደዚያው አፈግፍጓል። ክርክሩ ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ይቆማል፤ ዳይኖሰሩ ግን ሦስተኛ መንገድ ይከፍታል። የጁራሲክ ዓለም ከሙር ዓለም የሚለየው ምንም የሚሰማው የሌለበት ባለመሆኑ ነው። ጥማት የሚያውቅ፣ ጥላ የሚፈልግ፣ ከአዳኝ የሚሸሽ እንስሳ በውስጡ ነበር። ሲጅዊክ የሚጠይቀው ስሜትና ንቃት ከሆነ ዓለሙ በገዛ ነዋሪዎቹ በኩል አሟልቶታል፤ የጎደለው የሰው ዓይን ብቻ ነው። የሰው ዓይን መጉደል ዋጋ ያሳጣል የሚል ሰው ለዚህ የተለየ ምክንያት ማቅረብ ይኖርበታል፣ ምክንያቱም ሰው ስለሆንን ከማለት ያለፈ ምክንያት እስካሁን በቅጡ የቀረበ አይመስልም።

ነገር ግን ይኸው መልስ ሌላ ከባድ ጥያቄ ያስነሣል፤ ደስታ የሚሰማው ሕመምም ይሰማዋልና። በቴንዳጉሩ ቆፋሪዎቹ ካገኟቸው መካከል በጭቃ ድንጋይ ውስጥ እንደ ቆሙ የቀሩ የሳውሮፖድ እግሮች ይገኛሉ፤ ጣቶቹ ወደ ታች ተተክለው፣ የቅልጥሙ አጥንት በላያቸው ቀጥ ብሎ፣ የቀረው አካል ግን የለም። ቀላሉ ማብራሪያ ውኃ ፍለጋ ይሁን በሌላ ምክንያት ወደ ረግረጉ የገባው እንስሳ በክብደቱ ሰጥሞ መውጣት እንዳቃተው፣ ከጭቃው በላይ የነበረውም አካሉ በአውሬና በፀሐይ እንደ ተበተነ ነው። ሠላሳ ቶን የሚመዝን አካል በዚህ ሁኔታ ለመሞት ቀናት ሳይወስድበት አይቀርም። አሜሪካዊው ፈላስፋ ዊልያም ሮው በ1979 ባወጣው ጽሑፍ፣ ማንም በማያየው ደን ውስጥ በእሳት ተቃጥሎ ለቀናት ሲማቅቅ የሚሞት የአጋዘን ግልገል ምሳሌ አቅርቦ፣ ከዚህ ሥቃይ የሚገኝ መልካም ነገር የማይታይ ከሆነ ሁሉን ቻይና ደግ በሆነ አምላክ ለማመን የሚያስቸግር ማስረጃ ነው ሲል ተከራክሯል። የሮው ግልገል ልብ ወለድ ነው፤ የቴንዳጉሩ እግር ግን አይደለም። ሥቃዩን ለሰው ትምህርት ነው ማለት አይቻልም፤ የሚማር አልነበረም። የአዳም በደል ቅጣት ነው ማለትም ከባድ ነው፣ በደሉ ከመፈጸሙ በፊት ነበርና። ሐዋርያው ጳውሎስ ሞት በአንድ ሰው በኩል ገባ ሲል የሚናገረው ለሰው ሁሉ ስለ ደረሰው ሞት ነው፤ ቶማስ አኩዊናስም በ13ኛው መቶ ዓመት የእንስሳት ባሕርይ በሰው ኃጢአት አልተለወጠም፣ አንበሳና ጭልፊት ዛሬ የሚበሉትን ሥጋ ያን ጊዜም ይበሉ ነበር ብሎ አስተምሯል። ይህ ትምህርት የዘመኑን ቅደም ተከተል ያቃናል፤ የሥቃዩን ምክንያት ግን አይነግርም። መጽሐፈ ኢዮብም ቢሆን አይነግርም፤ የንስር ጫጩቶች ደም እንደሚጠጡ እዚያው ሳይሸሽግ ይናገራል። ለፍጥረት የራሱን ክብር የሰጠ ሰው ሥቃዩንም የራሱ አድርጎ ስለሚሰጠው፣ ዓለም ለሰው ነው ከሚለው ሰው ይልቅ ይህ ጥያቄ እርሱን ይብስ ያስጨንቀዋል። ከሁለቱ አቋሞች እውነተኛው የሚመስለውም በዚህ ምክንያት ነው፤ ጥያቄውን አይሸሽም።

አጥንቶቹ ተመልካች ሲያገኙ ደግሞ የመጣው የሰው ዓይን ብቻ አልነበረም። ቴንዳጉሩ ያን ጊዜ የጀርመን ምሥራቅ አፍሪካ ክፍል ሲሆን፣ ከ1905 እስከ 1907 በተካሄደው የማጂ ማጂ አመፅ ቅኝ ገዢው ጦር ሰብል እያቃጠለ ያስከተለው ረሃብ የደቡቡን ሕዝብ ጨርሶት ነበር፤ የሟቾች ቁጥር እስከ 300,000 ይገመታል። አንድ ጀርመናዊ የማዕድን መሐንዲስ አጥንቶቹን በ1906 ካስተዋለ በኋላ፣ ከ1909 እስከ 1913 በቬርነር ያኔንሽና በኤድቪን ሄኒግ፣ ኋላም በሃንስ ሬክ መሪነት ቁፋሮ ተካሄደ። የቆፈሩት ግን የአካባቢው ሰዎች ናቸው፤ ሥራ በበዛበት ጊዜ እስከ 500 ይደርሱ ነበር፣ ዋና ተቆጣጣሪያቸውም ቦሄቲ ቢን አምራኒ ይባላል። ከ200 ቶን በላይ አጥንትና ድንጋይ በሰው ትከሻና ራስ ላይ የአራት ቀን መንገድ እየተጓዘ ሊንዲ ወደብ ደረሰ፣ ከዚያም በመርከብ ወደ በርሊን ተጫነ። ያኔንሽ ለእንስሳው በ1914 የሰጠው የዝርያ ስም የሙዚየሙን ዳይሬክተር የብራንካን መታሰቢያ የያዘ ሲሆን፣ አጽሙ በ1937 ቆሞ ለሕዝብ ታየ፣ ዛሬም እዚያው ነው።

ይህ ታሪክ ለዕዝራ ጥያቄ ሌላ ገጽ ይሰጠዋል። ዓለም ለእኛ ተፈጠረ የሚለው ቃል በገዢ አፍ ሲነገር ትዕቢት ነው፤ በዕዝራ ሱቱኤል ግን የሚናገረው ርስቱን የተቀማ ሕዝብ ነው፣ ብዙ ተመራማሪዎችም መጽሐፉን ኢየሩሳሌም በ70 ዓ.ም. በሮማውያን ከፈረሰች በኋላ ባለው ዘመን ያኖሩታል። እንዲህ ያለ ሰው ዓለም የማንም አይደለም የሚለውን የኢዮብን ትምህርት ሲሰማ የተቀማው ርስት እንደ ተቀማ ይቀር ዘንድ የሚነገር ሰበብ ሊመስለው ይችላል። በርሊንም ቅሪተ አካል የሰው ልጅ ሁሉ ቅርስ ነው ስትል አጥንቱ በርሊን እንደሚቆይ ማለቷ ነው። ጂራፋታይታን በእርግጥ ጀርመናዊም ታንዛኒያዊም አልነበረም፤ ይሁን እንጂ ፍጥረቱ ለማንም ብሎ አለመፈጠሩ፣ አጥንቱን ከማን ትከሻ ላይ ማን እንደ ወሰደው የሚነሣውን ጥያቄ አይዘጋውም፤ ይህ ጥያቄ ደግሞ ከሊንዲ በኩል ዛሬም እየተነሣ ነው።